የሙሳ ብየዳ አላፈሰሰም

ይህን ነገር ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለሚስቴም አልነገርኳትም፤ አንድ ጣራ ሥር አብረን ስናረጅ አንድም ቀን ከአፌ አልወጣም። ነፍስ አባቴ ፊት ጾም በገባ ቁጥር እየተንበረከክሁ ትንንሹን ኃጢአት ለቃቅሜ እናዘዛለሁ፤ ይህችን አንዷን ግን ምላሴ ሥር ደብቄ እነሳለሁ። አሁን ለእናንተ ለማላውቃችሁ ልነግራችሁ ነው። ስለማላውቃችሁ ሳይቀለኝ አይቀርም።

ግን አንድ ነገር ፍቀዱልኝ፤ ከመናዘዜ በፊት ልኩራ። የሚናዘዝ ሰው አንገቱን እንደሚደፋ አውቃለሁ። እኔ ግን አንገቴን ደፍቼ ብጀምር ገና ከመነሻው ዋሸሁ ማለት ነው። ጥፋቴ ከኩራቴ የወጣ ነው፤ ኩራቴን ሳታዩ ጥፋቴን አታዩትም። ደግሞ እውነቱን ልንገራችሁ፤ ዛሬም ድረስ እኮራበታለሁ! ይኼም ራሱ ኃጢአት ከሆነ አብራችሁ ጻፉልኝ።

ተፈራ እባላለሁ። የድሬዳዋ፣ የከዚራ ልጅ ነኝ፤ አባቴ ከደጋ መጥቶ ባቡር ላይ ሲሠራ ያረጀ ሰው ነበር። እኔ ደግሞ ስሙን በማልጠራው አንድ ፋብሪካ ውስጥ ቶርኖ ሠራተኛ ነበርኩ። ብረት አሽከርክሬ እቆርጣለሁ፣ እሞርዳለሁ፣ የተሰበረውን አይቼ አዲሱን አወጣለሁ። በደርግ ዘመን መለዋወጫ ከውጭ አስመጣለሁ ማለት ሕልም ነበር፤ ስለዚህ መለዋወጫው እኔ ነበርኩ። ይኼን የምለው ጉራ ለመንዛት አይደለም። እሺ፣ ትንሽ ጉራም አለበት።

የደርግ የመጨረሻዎቹ ዓመታት ላይ ነው፣ ለፋብሪካችን አንድ ኮምፒዩተር መጣለት። ዛሬ በየቤቱ ያለ ነገር ነው፤ ያኔ ግን ከአዲስ አበባ በሣጥን ተጭኖ ሲደርስ ሠራተኛው ሥራውን ጥሎ ነው ሊያየው የወጣው። የንብረት ክፍሏ ሶፊያ ሦስት ወር አዲስ አበባ ተልካ ሠልጥና ነበርና ክፍል ተሰጥቷት፣ የፋብሪካውን የመለዋወጫ ዝርዝር በሙሉ እዚያ ውስጥ ማስገባት ጀመረች።

ታዲያ ሙቀቱ! የድሬን ግንቦት የማያውቅ ሰው ምን ብዬ ላስረዳው? ከረፋዱ አምስት ሰዓት አለፍ ሲል ኮምፒዩተሩ ቀጥ ይላል። ስክሪኑ ላይ ያለው ጽሑፍ እንዳለ ይደርቃል፤ ሶፊያ የጻፈችው ሁሉ ይጠፋባታል። የክፍሉ ኤሲ ከተበላሸ ቆይቷል፤ መለዋወጫውን ከውጭ ለማስመጣት ፈቃድ ያስፈልጋል። ቬንትሌተር ሲደቀንበት ያንኑ ትኩስ አየር መልሶ ያራግብበታል። ከአዲስ አበባ የመጣው ባለሙያ ከፍቶ አንዲት የክብሪት ሣጥን የምታህል ጥቁር ነገር አሳየን፤ የምትግለው እሷ ናት፣ እሷን ካላበረዳችሁ ትርፉ ድካም ነው ብሎን ሄደ። ምክትል ሥራ አስኪያጁ ጓድ በላቸው በስብሰባ ላይ ተነስቶ «አብዮታዊ ሥራ በሙቀት ይቆማል እንዴ?» ሲል ሁላችንም መሬት መሬት አየን።

እኔ ግን መሬት እያየሁ አስብ ነበር። ቶርኖ ላይ ብረት ስቆርጥ የመቁረጫው ጫፍ እንዳይቃጠል ውሃ ይፈስበታል፤ ትንሽ ፓምፕ ከሥር እየሳበ ያመላልሰዋል። ለብረት የሚያዝን ውሃ ለኮምፒዩተር አያዝንም? ውሃው በቀጥታ አይነካውም፣ በመዳብ ውስጥ ያልፋል። ይኼው ነው። ማንም አላስተማረኝም፤ መጽሐፍ አላየሁም፤ ሌላ አገር ይሠራ አይሠራ አላውቅም። በሲሚንቶ ከረጢት ወረቀት ላይ በእርሳስ ሣልኩት። በዚያች በምትግለው ጥቁር ነገር ላይ የምትለጠፍ፣ አራት ጣት የምትሞላ የመዳብ ጡብ፣ ሆዷ ውስጥ እንደ ክር የቀጠነ ጎዳና ተፈልፍሎላት፣ በአንድ በኩል ውሃ ገብቶ በሌላው የሚወጣባት። ፓምፑ ከተጣለ ቶርኖ ላይ የሚፈታ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ሣልኩ፣ ሰረዝኩ፣ እንደገና ሣልኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ሦስት ሳምንት ደስ ብሎኝ አያውቅም።

የቸገረኝ፣ ውሃው ሙቀቱን ተሸክሞ ከወጣ በኋላ የት ይጣለው የሚለው ነበር። የመኪና ራዲያተር ሞከርኩ። አየሩ ራሱ እሳት ሆኖ ምኑን ያበርደዋል? እዚህ ላይ ነው ሙሳ የሚመጣው።

ሙሳ የፋብሪካው ቧንቧ ሠራተኛና በያጅ ነበር፤ የመጋላ ሰፈር ሰው። በዕድሜ በአሥር ዓመት ይበልጠኛል፤ ግን ድሬ ውስጥ ማን ማንን አንቱ ይላል? አንተ ተባብለን ነው የኖርነው። እጁ የተባረከ ነው። ማንቆርቆሪያ፣ ራዲያተር፣ የፍሪጅ ቱቦ፣ የላምባ ምድጃ ሳይቀር ከሐረር ድረስ ያመጡለት ነበር። ሰው ዕቃውን ሲሸጥ እንኳ «ሙሳ የበየደው ነው» ይላል፤ ከዚያ በኋላ ጥያቄ የለም። ሙሳ ብዙ አያወራም፤ ሲበይድ ግን በጥርሱ መሐል ያፏጫል። በሕይወቱ የሚኮራበት አንድ ነገር ቢኖር ያ እጁ ነበር። ይህን ያዙልኝ፤ የወሰድኩበት እሱን ነው።

ሥዕሌን ሳሳየው አገላብጦ አየና ሳቀብኝ። «አቦ ተፈራ! ውሃውን በአየር ልታበርድ? አየሩን ራሱን ማን አበረደልህ? ና እናቴ ቤት።»

ወሰደኝ። እናቱ ግቢ ውስጥ፣ ነፋስ በሚመጣበት በኩል፣ እርጥብ ጆንያ የተጠቀለለ እንስራ ቆሟል። በዚያ ቃጠሎ ከውስጡ የተቀዳ ውሃ ጥርሴን ጠዘጠዘኝ። ለካ መልሱ ስወለድ ጀምሮ ስጠጣው የኖርኩት ውሃ ነው! ጆንያው ሲደርቅ ሙቀቱን ይዞ ይሄዳል። ሙሳ እንዲህ አቀደ፦ እንስራው ከሶፊያ ክፍል ውጭ ጥላ ሥር ይቆማል፤ ውስጡ ጥምዝምዝ የመዳብ ቱቦ ይነከራል፤ የኮምፒዩተሩ ውሃ በቱቦው ውስጥ ብቻ እየዞረ ይበርዳል።

አንድ ነገርም አስጠነቀቀኝ። የድሬ ውሃ ኖራ አለበት። ማንቆርቆሪያው ውስጡ ነጭ ቅርፊት ያልያዘበት ማን አለ? ስለዚህ ቱቦው ውስጥ የሚገባው ኖራ የሌለበት፣ የተጣራ የባትሪ ውሃ ብቻ እንዲሆን፣ የእንስራው ውሃ ከውጭ እንዲቀር። «ሁለቱ ውሃ አይተዋወቁም። ከተዋወቁ ያንተ ቀጭን ጎዳና አለቀለት» አለኝ። እሺ አልኩት። አዎ፣ እኔ ነኝ እሺ ያልኩት።

እኔ ጡቧን ፈለፈልኩ፤ እሱ ቱቦውን ጠመዘዘና በየደ። ከኮምፒዩተሩ አናት ላይ፣ ቱቦው ከግድግዳ በሚወጣበት ቦታ አንድ መጋጠሚያ ነበረች፤ እሷን ሲበይድ ያፏጨው ፉጨት እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ። ከጨረሰ በኋላ ኮምፒዩተሩን ወዲያ አሸሸንና ከመጋጠሚያው ሥር ጋዜጣ አነጠፍን፤ ፓምፑን ሙሉ ቀንና ሙሉ ሌሊት ለቀቅነው። በማግስቱ ሙሳ ጋዜጣውን አንስቶ በፀሐይ አየው፣ ጉንጩ ላይ ለጠፈው። ደረቅ ነው። ጠብታ የለም።

ከዚያማ ምን ልበላችሁ! ኮምፒዩተሩ ጠዋት ተከፍቶ ማታ ሥራ ሲያልቅ ነው የሚዘጋው። በዚያ ሙቀት! ሶፊያ በመጀመሪያው ቀን ከሰዓት ዘጠኝ ሰዓት ላይ አሁንም እንደሚሠራ ስታይ እልል አለች፤ የምሬን ነው፣ እልል! የፋብሪካውን ላቦራቶሪ ሙቀት መለኪያ ለምኜ ጡቧ ላይ አስሬ በየሰዓቱ እያነበብኩ እጽፍ ነበር። ሥራ ቦታዬ ድረስ እየመጡ «ኮምፒዩተር ያጠጣኸው አንተ ነህ?» ይሉኝ ነበር። ደረቴን ነፍቼ እኔ ነኝ እላለሁ። እኔ፣ እኔ፣ እኔ።

ወሬው አዲስ አበባ ደረሰና ሊያዩ እንግዶች ይመጣሉ ተባለ። ያን ሰሞን ሙሳ የእህቱን ልጅ ሊድር ሐረር ሄዶ ነበር። እኔ ደግሞ ቁጥሩ አላጠገበኝም። ጡቧ ከዚህም በላይ ብትቀዘቅዝስ? እንግዶቹ ጣታቸውን አሳርፈውባት ቢደነግጡስ? አንድ መንገድ ነበር። ጥምዝምዙን መዳብ ትቶ፣ ያንን ቀዝቃዛ የእንስራ ውሃ ራሱን በቀጥታ ጡቧ ሆድ ውስጥ ማስገባት። የሁለት ጎማ ቱቦ ቦታ መቀየር ብቻ ነው፤ ሩብ ሰዓት አይፈጅም። ሙሳ ያለኝን ረስቼው ነበር? አልረሳሁም። ለአንድ ቀን ነው፣ እንግዶቹ ሲሄዱ እመልሰዋለሁ ብዬ ቀየርኩት።

እንግዶቹ መጡ። አንደኛው ጡቧን ነክቶ «በረዶ ነው እንዴ?» አለ። ማን ሠራው ተባለ። እኔ ነኝ አልኩ። የሙሳን ስም አላነሳሁም፤ ጠያቂም አልነበረም፣ ይኼ ግን ምክንያት ይሆነኛል? ኮከብ ሠራተኛ ተብዬ የምስክር ወረቀት ተሰጠኝ፤ አሁንም ሳሎኔ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል።

ቱቦውን ግን አልመለስኩትም። ነገ እመልሳለሁ አልኩ፤ ነገ ሲመጣ መለኪያው ላይ ያለችው ቁጥር ታምራለች። እንስራው ክዳን አለው፣ በጆንያ ተሸፍኗል፣ ማን ያያል? ሙሳ ከሐረር ሲመለስ ቁጥሩን አይቶ እንደ ሕፃን ፈነጠዘ። «አየህ የኔን መዳብ!» አለኝ። የሱ መዳብ እንስራው ውስጥ ያለ ሥራ ተኝቷል። ዓይኔን በጨው ታጥቤ «አየሁ ሙሳ» አልኩት።

ወር አለፈ። አንድ ቀን በምሳ ሰዓት ቁጥሬን ላነብ ወደ ሶፊያ ክፍል ገባሁ፤ እሷ ምሳ ወጥታለች። በሩን ስከፍት የተቃጠለ ሽታ ተቀበለኝ። ጠረጴዛው ውሃ፣ ወለሉ ውሃ። ኮምፒዩተሩ ሞቷል። አየሁት፣ ወዲያው ገባኝ። ከእኔ ጡብ ላይ ጎማው ተስፈንጥሮ ወጥቷል። በመውጫው ቀዳዳ አጮልቄ አየሁ፤ ያ ሦስት ሳምንት የሣልኩት ቀጭን ጎዳና ነጭ ኖራ ጠርቅሞታል። ውሃው መሄጃ ሲያጣ ጎማውን ገፍትሮ አወለቀው። ቀና ስል ከላይ የሙሳ መጋጠሚያ አለች፤ ደረቅ፣ ንጹሕ።

በዚያ ዘመን የመንግሥት ንብረት ማበላሸት ምን እንደሚባል የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ። አሻጥር ይባላል። አሻጥረኛ የተባለ ሰው ደግሞ ቤቱ ይመለስ አይመለስ የሚያውቀው እግዜር ብቻ ነው። ፈራሁ። ግን ፍርሃት ብቻ ነበር? ፍርሃት ብቻ ቢሆን ኖሮ ዝም ብዬ እወጣ ነበር። «የተፈራ ሥራ ከሸፈ» ሲባል በጆሮዬ ሰማሁት፤ ማንም ሳይለው ሰማሁት። እሱን መሸከም አቃተኝ።

ከኪሴ ፒንሳ አወጣሁ። የሙሳን መጋጠሚያ ያዝኩና ጠመዘዝኩ። እምቢ አለኝ። እንደገና ጠመዘዝኩ፤ እምቢ አለኝ። አንድ እግሬን ግድግዳው ላይ አስደግፌ፣ በሁለት እጄ፣ ላብ ዓይኔ ውስጥ እየገባ ጠመዘዝኩት። ሦስተኛው ላይ ተሰነጠቀ። ከዚያ ጎማውን ወደ ጡቤ መልሼ በሽቦ አሰርኩ፤ ወጥቼ ቱቦዎቹን ከጥምዝምዙ መዳብ ጋር አገናኘሁ። ከዚያ በኋላ ነው «ውሃ! ውሃ!» ብዬ የጮህኩት።

ኮሚቴ ተቀመጠ። ጓድ በላቸው የተሰነጠቀውን ቱቦ አሳይቶ «ይህን የበየደው ማነው?» አለኝ። «ሙሳ ነው» አልኩ። ሁለት ቃል። ሁለቱም እውነት። እውነት ተናግሬ እንደዚያ የዋሸሁበት ቀን የለም። ሙሳ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። «እስቲ ልየው፣ በእጄ ልየው» አላቸው። አንዴ ቢይዘው ኖሮ ፒንሳ እንደነካው ያውቅ ነበር። ማስረጃ ነው፣ አትነካም አሉት።

አሥራ አንድ ቀን ቀበሌ ታሰረ። ሚስቱ ስንቅ ይዛ ስታመላልስ መንገድ ላይ አገኘኋት፤ «አይዞሽ» አልኳት። ጉድ በሉ! እኔ! በእነዚያ ቀናት ጡቧን ላጣራት ነው ብዬ በኪሴ ይዤ የደቻቱን ወንዝ ተሻግሬ ቤቴ ወሰድኳት፤ ሦስት ሎሚ ጨምቄ ነከርኳት። ኖራው እየተፍለቀለቀ ወጣ። ሚስቴ ምንድን ነው አለችኝ፤ ዝገት ነው አልኳት። ማግስቱን መለስኳት፤ ለመረመሩት ሰዎች እንደ አዲስ ታበራ ነበር።

የቀድሞ አለቃው ተለማምጦ አስፈታውና ሙሳ ተመለሰ፤ አሻጥር አይደለም፣ የሥራ ጉድለት ነው ተብሎ። አትክልት አጠጪ አደረጉት። እኔ ትልቁ ቅጣት መታሰሩ መስሎኝ ነበር፤ አልነበረም። ሙሳ ከዚያ ቀን ወዲህ አልበየደም። ሰው ማንቆርቆሪያ ይዞ በሩ ሲመጣ «እጄ ከድቶኛል፣ ሌላ ፈልጉ» ይላል። የመበየጃ ዕቃውን ቀፊራ ገበያ አውጥቶ ሸጠው። አንድ ቀን የገዛ ባልዲውን ሊያስበይድ ሌላ ሰው ቤት ቆሞ ወረፋ ሲጠብቅ አየሁት። ምን አደረግሁ? አልፌ ሄድኩ። ደርግም ወደቀ፣ ማንም የማያስረኝ ዘመንም መጣ። ታዲያ ያኔስ ማንን ፈርቼ ነው ዝም ያልኩት?

ባለፈው ሳምንት ልጄ ስልኳ ላይ አንድ ቪዲዮ አሳየችኝ። አንድ ወጣት ኮምፒዩተሩን በውሃ ሊያበርድ እያቀደ ነው። በወረቀት ሣለ፣ የመዳብ ጡብ አለው፣ ፓምፕ አለው፣ ባለቀለም ቱቦ አለው። ያልተጣራ ውሃ እንዳትጨምሩ ይላል። መጋጠሚያው ሥር ወረቀት አንጥፎ ሙሉ ቀን ይጠብቃል! ከወንበሬ ተነስቼ ጮህኩ። ይኼን እኮ እኛ ሠርተነዋል! በእንስራ! ልቤ አበጠ። ስልኳን ቀምቼ በባጃጅ መጋላ ሄድኩ፤ ሌላ ማን ዘንድ እሄዳለሁ?

ሙሳ በሩ ላይ ተቀምጧል፤ አርጅቷል፣ ዓይኑ ደክሟል። ስልኩን አፍንጫው ድረስ አስጠግቶ እስከ መጨረሻው አየው። ወረቀት የተነጠፈው ላይ ሲደርስ ሳቀ። «ቀድመናቸው ነበር እኮ ተፈራ!» አለኝ። ከዚያ ስልኩን መለሰልኝና እጆቹን አገላብጦ አያቸው። «እኔ ባላበላሽብህ ኖሮ ስምህ የት በደረሰ ነበር። ወላሂ አንድም ቀን አልረሳሁትም። ይቅር በለኝ አቦ።»

እኔ ምን አልኩ? «ተወው ሙሳ፣ ያለፈ ነገር ነው» አልኩት። ይቅር አልኩት! ሰምታችኋል? የሰበርኩት እኔ፣ የዋሸሁት እኔ፣ ይቅር ያልኩት እኔ። ግንባሬን ሳመኝ። ፒንሳውን የያዝኩ ጊዜ ወጣት ነበርኩ፣ ፈሪ ነበርኩ፣ ኩራት አስክሮኝ ነበር እል ይሆናል። ባለፈው ሳምንት ግን ምን ነበርኩ?

ነገ እሄዳለሁ። ጡቧን ይዣት ነው የምሄደው፤ ፋብሪካው እንደ ቆሻሻ ሲጥላት አንስቼ እስከዛሬ አለችኝ። ይቅር በለኝ አልለውም። እሱን አውቀዋለሁ፤ ሳልጨርስ ተወው አቦ ይለኛል፣ እኔም ቀልሎኝ ወደ ቤቴ እገባለሁ። እንዲቀለኝ አልፈልግም። ቢተፋብኝም፣ ለልጆቹ ቢነግርም፣ ለከተማው ቢያስወራም ልክ ነው። እኔ እንዲሰማልኝ የምፈልገው ሌላ ነው፤ እናንተም መንገድ ላይ ብታገኙት፣ እኔ ፈርቼ ቀርቼ እንደሆነ፣ እባካችሁ ንገሩት።

ሙሳ፣ ብየዳህ አላፈሰሰም። የሰበርኩት እኔ ነኝ። ያውም ሁለት ጊዜ እምቢ ብሎኝ።